ሁለተኛው ዓይን

ይህን ፎቶግራፍ ያየ ሁሉ ባሌን ባንዳ ይለዋል። ባለፈው ሰሞን የልጄ ባል ሳይቀር፣ ቤቴ ቁጭ ብሎ ያቀረብኩለትን እየበላ፣ ፎቶውን ካገላበጠው በኋላ «ለካ የእኛም ቤት ባንዳ ነበረበት! ጣሊያኑን እንዴት አድርገው አሳምረውታል!» ብሎ ሳቀ። ከእጁ ነጠቅኩት።

ፎቶው የሚያሳየው በሮቢት የጣሊያን ሰፈር የነበረውን የካቶሊክ ጸሎት ቤት ግድግዳ ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። ከእግሯ ሥር አንድ የጣሊያን መኮንን ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል፤ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል።

ባሌ ሠዓሊ ነበር፤ የቀወትንና የዙሪያዋን አብያተ ክርስቲያናት የሣለ ሰው። ሰማያዊውን ቀለም ከአሊዩ አምባ ነጋዴዎች እንገዛለን፤ ጥቁሩን እኔ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቄ አዘጋጃለሁ። ቀለም መፍጨት፣ ሙጫ ማቅለጥ፣ አቡጀዲውን መወጠር የኔ ሥራ ነው። ብሩሽ ግን አስነክቶኝ አያውቅም። ፊት ለፊት አንቱ፣ በሆዴ አንተ ነበር የምለው። እዚህ የማወራው በሆዴ ያለውን ስለሆነ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መንገዱ ሲሠራ ጣሊያኖቹ ለሰፈራቸው ጸሎት ቤት አቆሙ። ቄሳቸው ረጅም ሰው ነው፤ አማርኛ ያውቃል፤ ፎቶ ማንሻው ከአንገቱ አይወርድም። የአገሩን ጥበብ ነው የምሰበስበው እያለ ያላነሳው ነገር አልነበረም፤ መሶቡን፣ የአንገት መስቀሉን፣ በየደብሩ ያለውን ሥዕል፣ የእናቴን የአንገት ንቅሳት። እናቴን አገጯን ቀና አድርጎ እንደ ገበያ ጊደር ሲያገላብጣት ይፈቅዱልኛል ወይ አላላትም። ይህ ሁሉ ወደ ሮም ይሄዳል አሉ፤ የእነሱ እምነት የእኛን ልብስ ለብሶ ማማሩ እዚያ እንዲታይ። የእኛን ልብስ! ማን አውልቆ ሰጣቸው?

ባሌን ያስጠራው ይኸው ቄስ ነው። ግድግዳውን እንደ አገሩ ወግ እንዲሥል አዘዘው። በወጋችን ደግሞ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ይሣላል። አሠሪው መኮንኑ ነበር፤ የእናቴን መንደር ማሽላ ከነክምሩ ያቃጠለው መኮንን።

«እምቢ ይበሉ» ብዬ ለመንኩት።

«እምቢ ያለ የት እንደሚገባ አይተሻል። ይልቅ ቀለሙን ፍጪ» አለኝ። ፈጨሁ። እየፈጨሁም ረገምኩት።

ሥዕሉ ሲያልቅ ሄጄ አየሁ። መኮንኑ የተሣለው በጎኑ ነው፤ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። በእኛ ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣን፣ ይሁዳና ጌታን የገረፉት ወታደሮች ናቸው። ይህን ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሁሉ ያውቀዋል። ለጸሎት ተነድተው የገቡት የመንገድ ሠራተኞች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። መኮንኑ ራሱ ደስ ብሎታል፤ አፍንጫው አምሮለታል። ቄሱም ግድግዳውን ፎቶ አነሳው።

እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን «ሊሰቅሉዎ እኮ ነው!» ስለው «ሥዕል ነው የሣልኩት» አለኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተናድጄበት አላውቅም። ይህን ሁሉ ሲያስብበት ከርሞ አንድ ቃል አልነገረኝም።

ወር ሳይሞላ ቄሱ ቤታችን መጣ። ከየደብሩ ያነሳቸውን ፎቶዎች መደቡ ላይ ደረደራቸው። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ገራፊዎቹ፤ መጨረሻ ላይ መኮንኑ። ሁሉም ባለ አንድ ዓይን።

«ጎን ለጎን ሳላደርጋቸው አላስተዋልኩም ነበር» አለ።

ባሌ ፎቶዎቹን መልሶ ወደ ቄሱ ገፋቸው።

«እኔ ለማንም አልናገርም። ነገር ግን መኮንኑ እሑድ ፎቶዎቹን ሁሉ አሳየኝ ብሎኛል። ሲያያቸው ይገባዋል። ከዚያ በፊት ሁለተኛውን ዓይን ይሣሉለት፤ እንደገና አነሳዋለሁ።»

«እጄን ይቁረጡት» አለ ባሌ። «ለዚያ ሰው ዓይን አልጨምርለትም።»

እኔ አልቻልኩም። «አባ፣ ማን አንሡ አለዎት? ባይለቃቅሙት ማን ያውቅብን ነበር?» ብዬ ጮህኩበት። ቄሱ አቀረቀረ። ማቀርቀሩ ይባስ አንጀቴን አሳረረው፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ባሌ ምንም እንዳልተፈጠረ ለሌላ ሥራ ወደ ማጀቴ ከተማ ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት ጥላሸቱንና የፊቱን ቀለም በሙጫ ለውሼ፣ ቤት የቀረ ብሩሹን ይዤ ጸሎት ቤቱ ደረስኩ። ቄሱ በሩን ከፈተልኝና ጀርባውን ሰጠኝ። መጀመሪያ ጉንጩን አሰፋሁት፤ ቀጥዬ ዓይኑን ሣልኩ። እናቴ ባዶ ጎተራዋ ሥር ቁጭ ብላ እየታየችኝ ሽፋሽፍቱን ሳይቀር አሳመርኩት። ትልቅ፣ ደግ ዓይን ወጣኝ፤ ከጻድቃኑ ዓይን የማያንስ። ቀለም ፈጭቼ ባረጀሁበት ቤት የሣልኩት እሱን ብቻ ነው።

ቄሱ እንደገና አነሳውና አንዱን ፎቶ ለእኛ ሰጠን። የፊተኛውን ተቀብዬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። መኮንኑም አየ፤ ወደደው፤ ማንንም አልሰቀለም።

ባሌ ተመልሶ ግድግዳውን ሲያይ አልመታኝም፤ አልጮኸብኝም። ብሩሾቹን ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖራቸውና «እንግዲህ አንቺው ሣዪ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጣሊያን ወጣ፣ ጸሎት ቤቱ ፈረሰ፣ ባሌም በእርሻ ኖሮ አርጅቶ ሞተ። አንዲት መስመር አልሣለም። ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ የገደልኩትም እኔ ነኝ። ሰው ባንዳ ሲለው ሰምቼ ዝም ያልኩትም እኔው፤ አፍሬ።

የልጄ ባል ሲስቅ ግን በቃኝ። ፎቶውን መልሼ ፊቱ አስቀመጥኩት። በአውራ ጣቴ የመኮንኑን አንድ ዓይን ከነጉንጩ ሸፈንኩ።

«አሁን እየው» አልኩት። «ባሌ የሣለው ይህን ነው። ከጣቴ ሥር ያለው የኔ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ እጁን ከገበታው ሰበሰበ።