ልጄ ያሳጠረችልኝ ንግግር

የኔ እንግሊዝኛ ከዳቦና ከኤርታይም ካርድ አያልፍም። ኦሬንጅ ፋርም በሚሉት የድሃ ሰፈር በፍርግርግ መስኮት ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣ ደንበኛውን በአገሬው ሰላምታ "ሳውቦና" ብዬ ሒሳቤን ከተቀበልኩ ሌላው ቋንቋ ምን ያደርግልኛል? ቢሮም ሆነ ሆስፒታል ስንሄድ አፋችን ልጄ ናት። የስደተኛው ሰፈር ሜይፌር ያደጉ የኛ ልጆች ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ጥርሳቸውን ሳይቀይሩ አስተርጓሚ ይሆናሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ኮሌጅ ውስጥ የድሮ ፊልም አሳያለሁ፣ ካልመጣህ ብላ ድርቅ አለች። የምትማረው ሲኒማ ነው፤ ምን እንጀራ ሊሆንሽ ነው እያልኩ ስነዘንዛት ከርሜአለሁ። ሱቁን ለሸሪኬ ትቼ ሄድኩ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ፊልም ገና መናገር በጀመረበት ዘመን ከመድረክ ቴአትር የተወሰደ። ጉድ እኮ ነው፣ ሰዎቹ ከአንድ ሳሎን አይወጡም። በበር ይገባሉ፣ አበባ ማስቀመጫው አጠገብ ተገትረው ያወራሉ፣ በበር ይወጣሉ። ድምፅ መቅጃው አበባው ውስጥ ተደብቆ ስለነበር ነው አለችኝ። ከኔ ሱቅ በምን ተሻሉ ብዬ ሳቅኩ።

አጠገቤ ሆና ቃል በቃል ታስተረጉምልኛለች። ባልየው ሲቆጣ እሷም በሹክሹክታ ትቆጣለች። ኮራሁባት፣ ምን እዋሻለሁ። ከዚያ ሐኪሙ ከሚስትየዋ መኝታ ቤት ወጣና ባልየውን አበባው አጠገብ አቁሞ ብዙ ተናገረ። ልጄ መተርጎሙን አቆመች። ምን አለ አልኳት።

"ደክሟታል፤ ትንሽ ትረፍ ነው የሚለው።"

ባልየው ወንበሩን ዳብሶ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሚስትህ ትረፍ የተባለ ሰው እንዲህ ይሆናል? እናቷን ሆስፒታል ያስተኛን ጊዜም ሐኪሙ ብዙ ተናግሮ ነበር። ልጄ ያኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበረች፤ ያለችኝም ይችኑ ነበር። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። የማድረውም እዚያው ስለነበር በስልክ ደህና ናት ስባል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ቶሎ ና ተብዬ ስደርስ ታጥባ ተከፍና ነበር። ሰገድኩባት፣ አፈር አለበስኳት። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ ድንገት ነው ስል ከረምኩ።

መብራት ሲበራ ሰው አጨበጨበ። ግቢው ውስጥ አስቁሜ ያኔ ሐኪሙ ያለው ምን ነበር አልኳት። አልካደችም። በሽታው ተሰራጭቷል፣ ብዙ አትቆይም ብሎ ነበር።

መርዶ መደበቅ ልማዳችን ነው፤ አገር ቤት ዘመድ ሲሞት ባለሐዘኑ እስኪዘጋጅ ስንት ቀን አፋችንን እንይዛለን። ግን የምንደብቀው የሞተውን ነው እንጂ በሕይወት ያለችውን አይደለም! ይህንኑ ጮኼ ነገርኳት።

"እማዬ ናት ያስማለችኝ" አለች። "ከሰማ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ ከዘጋው ሰብረው ይወስዱታል፣ ሌላ ምን አለን አለችኝ። በመጨረሻው ቀን ጥሪው አለች። ወዲያው ደወልኩልህ።"

ብትደውልም ኦሬንጅ ፋርም ሩቅ ነው፤ በሕይወት አልደረስኩባትም። የፈራችለት ሱቅ ደግሞ በዚያው ዓመት፣ ብርድ ሲገባ፣ እኔ ውስጡ እያለሁ ተሰብሮ ተዘረፈ። ፍሪጁን እንኳ አልተዉልኝም። ለዚያ ሱቅ ብላ ብቻዋን ታመመች፤ እኔም ስኳር ስመዝንበት ነበር።

"አፉ በለኝ አባ" አለችኝ።

ልጅ ነበረች፣ አውቃለሁ። እናቷ ያስማለቻት ልጅ ምን ታድርግ? ግን አፉ ብዬሻለሁ ልል ብሞክር ቃሉ አልወጣ አለኝ። ታክሲ እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆምን። ሾፌሩ ወዴት ናችሁ ሲለን፣ እንደ ልማዷ እሷው በእኔ ፈንታ መለሰች።