በካሴቱ ጫፍ የቀረው መንዙማ

ትናንት ጀበል ገበያ ከአንድ ሱቅ የድቤ ድምፅ ሰማሁና ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

ልጅ ሳለሁ ቡሉክ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። የእናቴ አባት መንዙማ ያወጡ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ድምፃቸው የቀረን በአንድ ካሴት ብቻ ነው። የአባቴ ወንድም ሰይድ መንዙማን አጥብቆ ይጠላል። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ስትሄድ ጠብቆ ካሴቱ ላይ የሃይማኖት ትምህርት ቀዳበት።

«አባቴን ነው ያጠፋኸው!» አለችው ስትመለስ።

«ያጠፋሁት ቢድዓ ነው።»

ቢድዓ ሃይማኖት ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ የበሽታ ስም መሰለኝ።

«ከሞተ ሰው ጋር ትጣላለህ? እኔን መቼ ቻልክና!»

«ከላስ፣ በቃ! ይልቅ ይሄን ስሚና ተማሪ» ብሎ ቴፑን ከፈተው።

ትምህርቱ ግን ካሴቱን አልሞላውም ነበር። ሲያበቃ ድቤው መጣ፤ የአያቴም ድምፅ ተከተለ። ሽንኩርት ትከትፍ የነበረችው እናቴ እንደ ድሮው አዝማቹን ተቀበለቻቸው። አጎቴ ዘሎ ቴፑን ዘጋው። እሷ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ መንዙማውን ብቻዋን እስከ መጨረሻው አለችው።

ትናንት ሱቁ ደጃፍ ላይ የመንዙማው አዝማች ሲደርስ እኔም ተቀበልኩ። አንድ ገበያተኛ ገላመጠኝ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ቀጠልኩ።