የአባቴ ደም ሰማያዊ የሆነበት ቅዳሜ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በቃሊቲ ፋብሪካዎች ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዝገት ጠላቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰውዬ ታክሲ ውስጥ «ኦክስጅን ሰውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ መድኃኒቱ ይኸው» ብሎ የቪታሚን ክኒን ሲሸጥለት ወዲያው አመነ። በእፍኝ ይውጠው ጀመር። ሆዱ ሲታወክበትም «ዝገቱ እየወጣ ነው» አለን።

እኔ ያኔ የላቦራቶሪ ተማሪ ነበርኩ።

«አባዬ፣ ከኦክስጅን የሚሠራ መርዛማ ነገር አለ፤ ሲበዛ ሴል ይጎዳል፣ እውነት ነው። ግን ሰውነትህ ራሱ ነው የሚያመርተው፤ ጀርም ይገድልበታል።»

«ሰውነቴ መርዝ ይሠራል እያልሽኝ ነው?»

«በልኩ።»

አላመነኝም። አስተማሪዬን አስፈቅጄ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ትምህርት ቤቴ ላቦራቶሪ ይዤው ሄድኩ። ክራቫት አስሮ ነበር።

ደሙን ቀድቼ ቢጫ ማቅለሚያ ጨመርኩበት። ነጭ የደም ሴሎቹ ያንን «መርዝ» ካመረቱ ቢጫው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ስንጠብቅ ሰዓቱን ደጋግሜ አየሁ፤ ለፈተና እንኳ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። በማይክሮስኮፑ ሳይ ሴሎቹ ሆዳቸው በሰማያዊ ተሞልቷል። ጮኼ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

አባቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

«ያንተ ነው።»

«ሳላዘው?»

አጠገባችን የቆመችው አስተማሪዬ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እሱ ባይኖር አባቴ፣ ትንሽ ቁስል ትጥልዎት ነበር» አለችው። «ሲበዛ የሚያበርደውም እዚያው ሰውነትዎ ውስጥ አለ። ጎመኑንም ብርቱካኑንም ይብሉ፤ ክኒን በእፍኝ ግን ይቅርብዎት።»

«እሺ ልጄ» አለ፣ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጎኑ ለተቀመጠችው ሴት «ደሜ ሰማያዊ ሆነ» ብሎ በኩራት ነገራት። ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ሸሸት አለች። ላስረዳት አፌን ስከፍት ሳቅ አፈነኝ፤ እሱም ተከተለኝ፤ ምኑም ያልገባው ረዳት ሳይቀር ይስቅ ጀመር። ፌርማታችንን አልፈን ወረድን።

በእግር ስንመለስ ክንዴን ይዞ፣ ሴሎቹ አሁንም እየሠሩ እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ። እየሠሩ ነው አልኩት። እናቴ በር ከፍታ «ምን ሆናችኋል?» ስትል ሁለታችንም እንደገና በሳቅ ፈነዳን። ክኒኑን በዚያው ተወው፤ ሆዱም ተሻለው።