የቅዳሜው ጆንያ

የዳጣ ጠርሙስ ሙቀት ካገኘው ክዳኑ ሲከፈት ይተነፍሳል። ሶዶ ውስጥ ዳጣ እያዘጋጀሁ መሸጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ግን የበርበሬውና የዝንጅብሉ ሽታ አፍንጫዬ ሳይደርስ ሃላሌ አጠገብ ያለው የቤታችን ጓሮ ይታየኛል። እንሰቱ ሥር ሁለት ጆንያ ተቀምጧል። የአንደኛው አፍ በነጭ ክር፣ የሌላው በቀይ ክር ታስሯል። የቀዩን ክር የቋጠርኩት እኔ ነኝ።

ልጅ እያለሁ ሰው ፊት አፌ አይፈታም ነበር። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ማለት ስለሚያቅተኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ምሕረት "አለች፣ ቲቸር!" ትልልኝ ነበር። ምሕረት የአጎቴ ልጅ ናት። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ እሱም ቢሆን እኛ ስንሾልክበት መሃሉ ተበስቶ በር ሆኖ ነበር። ሱቅ ስንላክ የምትናገረው እሷ፣ የምትሸከመው እኔ ነኝ። ይህ አይከፋኝም ነበር። ድምፅ ያላት ልጅ ከጎኔ ካለች የራሴ ድምፅ ምን ያደርግልኛል እል ነበር።

እኔ የማውቀው ገበያ ነበር። እማዬ ቆጮ ትነግድ ስለነበር ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከኋላዋ ኩስ ኩስ እያልኩ ያልወጣሁት ገበያ የለም። የትኛው ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ የየትኛው ሰፈር ሴቶች ወዴት እንደሚሄዱ፣ ማን ቤት ዕቃ እንደሚያሳድሩ ማንም ሳያስተምረኝ አወቅሁት። ሴቶቹ አንድ ሕግ ነበራቸው። አደራ የተባለ ጆንያ የሚሰጠው አብሮት የመጣው ቃል እንደሚለው ብቻ ነው። "ለእከሊት፣ በዚህ ቀን" ከተባለ ሌላ ሰው ቢለምን፣ ቢያለቅስ፣ የኔ ነው ቢል አያገኘውም። እማዬ በዓይኗ አይታት ለማታውቅ ሴት ቆጮ ስትልክ፣ ቋጠሮው ሳይነካ መድረሱን ስትሰማም "እንዴት ይነካል?" ብላ ስትገረም አስታውሳለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን የስፖርት አስተማሪያችን አሥር ተማሪዎች ይዞ በእግር ሶዶ ለመግባት አሰበ። ያን ጊዜ በእኛ በኩል መኪና የሚገኘው አልፎ አልፎ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ጭራሽ የለም። "ዘጠነኛ የምትማሩበትን ሃይስኩል በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ከዳሞት ተራራ ሥር ቆማችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ" አለን። መንገዱ ሦስት ቀን ነው። ችግሩ ምግቡ ነበር። ልብስና ውኃ የያዘ ልጅ የሦስት ቀን ስንቅ ጨምሮ ያን ቁልቁለትና ዳገት አይችለውም። ስለዚህ ዘጠኙን በሩጫ መረጠና አሥረኛውን ቦታ፣ ምግቡ መንገድ ላይ ቀድሞ የሚጠብቅበትን ዘዴ ጽፎ ለሚያመጣ ተማሪ አስቀረው። ምሕረትም እኔም በሩጫው ወድቀን ነበር።

ለእኔ ነገሩ ጉዞ ብቻ አልነበረም። አባዬ ከስምንተኛ በኋላ እንደማያስተምረኝ ተናግሮ ነበር። ዘጠነኛ ለመማር ከተማ ቤት ተከራይቶ መኖር ያስፈልጋል። "ጨው አውሱኝ ማለት የምታፍር ልጅ ሰው አገር ሄዳ በረሃብ ትሞትብኛለች" ይላል። ስለ ጉዞው እማዬ ስትነግረው ግን አሰብ አደረገና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይሁን። አስተማሪው መርጦሽ፣ ከሰው ጋር ሶዶ ደርሰሽ ከተመለስሽ፣ ዘጠነኛ ትገቢያለሽ" አለኝ። በሳምንቱ ገበያ እማዬ ሸራ ጫማ ገዛችልኝ። ከራስጌዬ አስቀምጬው የአዲስ ላስቲክ ሽታ እየሸተተኝ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ከደብተሬ መሃል በገነጠልኩት ወረቀት ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ጉዞው ዓርብ ይጀመራል። ዓርብ ቆላ ወርደው ገበያው አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ያድራሉ። ቅዳሜ ወንዙን ተሻግረው ዳገቱ ሥር ያለው ቸርች ግቢ ያድራሉ። እሑድ ሶዶ ናቸው። የቆላው ገበያ ሐሙስ ስለሚቆም የሰፈራችን ሴቶች በዚያ ቀን ሁለቱንም ጆንያ አውርደው እትዬ ባሎቴ ዘንድ ያኖራሉ። እትዬ ባሎቴ ገበያው ዳር የምትኖር የእማዬ ደንበኛ ናት። ባለ ነጭ ክሩን ተማሪዎቹ በደረሱበት ቀን ትሰጣቸዋለች። ባለ ቀይ ክሩ እሷ ጋ ይቆይና፣ ቅዳሜ ወደ ወንዝ ማዶ ገበያ የሚወጡት የቆላ ሴቶች ቸርች ግቢ ድረስ ያደርሱታል። ልጆቹ አንዲት ቁራሽ ሳይሸከሙ ምግባቸው ከፊታቸው ይሄዳል ማለት ነው። ቶሎ የሚበላሸውን የተቀቀለ ጎደሬ በነጩ፣ ሙቀት የሚችለውን በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቆሎውንና ዳጣውን በቀዩ አደረግሁ። ከታች በትንንሽ ፊደል አንድ ነገር ጨመርኩ፦ "ባሎቴ ጋ ሁለት ጆንያ አለ፤ አንዱ ይቆያል። ቀን ከተቀየረ አዲስ ቃል ይላክላት።"

ለቲቸር መስጠቱ ግን አስጨነቀኝ። ቢሮው በር ላይ ቆሜ ምን እላለሁ? ምሕረት ወረቀቱን አየት አድርጋ ሳቀች። "ጽሕፈትሽ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ ቲቸር ያነበዋል ብለሽ ነው? አምጪ፣ ገልብጬ እኔው እሰጥልሻለሁ" አለች። በአጥሩ ቀዳዳ አቀበልኳት። በማግስቱ በዚያው ቀዳዳ ስትመልስልኝ "ስሜን ጻፍሽው?" አልኳት።

"ጽፌዋለሁ" አለች።

ሰኞ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አስተማሪው ወረቀት ከኪሱ አወጣና ከፍ አድርጎ አሳየን። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ፣ የምሕረት ቆንጆ ጽሕፈት ነበር። "እኔ እንኳ ያላሰብኩት ነው። በገበያ ቀን! አሥረኛዋ ተጓዥ ምሕረት ናት፤ አጨብጭቡላት!" አለ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እጄ ከሰው ጋር ዝም ብሎ ሄደ። ምሕረትን አየኋት። እሷ ባንዲራውን ታያለች። ወደ ክፍል ስንገባ ክንዴን ያዝ አድርጋ "ቲቸር ተሳስቶ ነው፤ ነገ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ዝም በይ" አለችኝ። ዝም ማለት ለኔ ቀላል ነበር። ማክሰኞ "ልሞክረው" ብላ ሸራ ጫማዬን ወሰደች።

ጆንያዎቹን ግን እኔው ሞላኋቸው። የየልጁ እናት ያዋጣችውን እማዬ ጓሮ ሰብስበን፣ ኮባውን እሳት ላይ አለስልሰን ቆጮውን ጠቀለልን። ምሕረት ነገ ትናገራለች ብዬ እየጠበቅሁ ቀይ ክሩን ሦስቴ ቋጠርኩ። እማዬን ያን ሳምንት እግሯን አሟት ስለነበር ሐሙስ ገና ሲነጋጋ ጎረቤቶቻችን ተሸክመውልን ወረዱ።

እነሱ ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ ከመንገድ መዝሙር ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ። ዘጠኙ ልጆች፣ አስተማሪውና ምሕረት ናቸው፤ ምሕረት ሸራ ጫማዬን አድርጋለች። ሃይስኩሉ እሑድ ዝግ መሆኑን አስተማሪው ማታ ሰምቶ፣ ቅዳሜ ለመድረስ ጉዞውን በአንድ ቀን ቀድሞታል። ለተመረጡት ብቻ ተነገራቸው። እኔ ከተመረጡት መሃል አይደለሁም።

ወዲያው ገባኝ። ዛሬ ባሎቴ ጋ ይደርሳሉ፣ ነጩን ይበላሉ። ነገ ዓርብ ቸርች ግቢ ሲደርሱ ቀዩ ጆንያ ገና ባሎቴ ቤት ነው፤ ቅዳሜን ይጠብቃል። ዛሬ አጠገቡ ያድራሉ፣ ነገ ትተውት ይሄዳሉ። "ቀይ ክር የቋጠረችው ልጅ ነገ አብሮ ይሂድ ብላለች" ቢሏት ባሎቴ ትሰጣቸው ነበር። ይህን ለማለት አንድ ጩኸት ይበቃኛል። ምሕረት አየችኝና እጇን አወዛወዘች፤ "ሶዶን ሰላም እልልሻለሁ!" አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ለብዙ ዓመት ዓይን አፋርነት ነው ያፈነኝ እያልኩ ኖርኩ። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ድምፄ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ የመለስኩት እኔ ነኝ።

እንዳሰብኩት ሆነ። እትዬ ባሎቴ ነጩን ሰጠቻቸው፤ ስለ ቀዩ ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም የሰው አደራ አታነሳም። ዓርብ ቸርች ግቢ ምንም አልነበረም። በባዶ ሆዳቸው አደሩ። ቅዳሜ ዳገቱ ላይ አንዲት ልጅ ራሷን አዙሯት ወደቀች፤ አስተማሪው በጀርባው አዘላት። መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች የተቀቀለ ስኳር ድንች ባይሰጧቸው ሶዶ አይገቡም ነበር።

ሲመለሱ አስተማሪው የልጆቹ ወላጆች ፊት መቆም ግድ ሆነበት፤ እኔና አባዬም እዚያ ነበርን። የወደቀችው ልጅ እናት "ይህን ምግብ ያቀደው ማን ነው?" ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ምሕረት፣ በዚያ በሚያምር ድምጿ፣ ሁሉም እየሰማ ተናገረች። "እሷ ናት። እኔ የገለበጥኩት ብቻ ነው።" ጣቷ ወደ እኔ ነበር። ስንት ቀን የጠበቅሁት ቃል ነበር፤ የመጣው ግን በዚያ ቀን ነው። የገለበጠችው ወረቀት ከእጅ እጅ ሲዞር እኔም አየሁት። ትንንሾቹ ፊደላት የሉም። ስላላማሩ ይሁን ስለደከማት፣ ያቺን መስመር ትታታለች።

የኔ ወረቀት ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ላሳይ ብዬ እጄን ከተትኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያየኝ እጄ እዚያው ቀረ። አባዬ ምንም አልጠየቀኝም። ቤት ስንደርስ ብቻ "እዚህ ተቀምጠሽ አሥር ልጅ ያስራብሽ፣ ከተማ ብትገቢ ምን ልትበዪ ነው?" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ዘጠነኛ ክፍል እቤታችን አልተነሳም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዩ ጆንያ ተመለሰ። ቅዳሜ በተባለው ቀን ቸርች ግቢ ደርሶ፣ የሚበላው ሰው አጥቶ፣ በሴቶቹ ጀርባ ከገበያ ገበያ እየተቀባበለ መጣ። ሦስቱም ቋጠሮ እንዳለ ነበር። እማዬ ፈታችው። ቆጮው ደርቆ ነበር፤ የዳጣው ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እማዬ አላየችኝም። ቆጮውን ውኃ ነክራ፣ በዳጣ ለውሳ፣ "ብዪ፤ ያንቺ ነው" አለችኝ። እያለቀስኩ በላሁት፤ ይጥም ነበር።

ምሕረት ዘጠነኛ ገባች፣ ኮሌጅ ጨረሰች፣ አሁን ሶዶ ቢሮ ትሠራለች። እኔም ሶዶ ገባሁ፤ በሚኒባስ፣ በጥቂት ሰዓት፣ ካገባሁ በኋላ። በመንገዱ ዳር አሁን የማይገኝ ነገር የለም፤ ብስኩቱ፣ የታሸገው ውኃ፣ ባጃጁ። በርበሬዬ ግን እስከ ዛሬ በእነዚያ ሴቶች በኩል ነው የሚመጣልኝ። እትዬ ባሎቴ አርጅታ ልጇ ተክታታለች። "ይህ ለእከሊት፣ በዚህ ቀን" እላለሁ፤ ይደርሳል። የሥጋ ዘመዴ ያልጠበቀችልኝን ቃል፣ መልካቸውን የማላውቃቸው ሴቶች ይጠብቁልኛል።

ባለፈው ሳምንት ምሕረት ደወለች። የቸርቻቸው ልጆች ትምህርት ሲዘጋ በድሮው የእግር መንገድ፣ ሱቅ በሌለበት በኩል፣ ከሃላሌ ሶዶ ሊመጡ ነው። "ያቺ የጆንያ ዘዴ ያንቺ ነበረች አይደል? ወረቀቷ ካለች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ" አለችኝ፤ ትናንት አጥር ለአጥር እንዳወራን ሁሉ።

ወረቀቷ አለች። መዝሙር መጽሐፌ ውስጥ ነው የማስቀምጣት፤ ቅቤ ጠጥታ ጫፏ ቢጫ ሆኗል። እምቢ ልላት ፈልጌ ነበር። ዳገቱ ላይ የወደቀችው ልጅ ትዝ አለችኝ። "ፎቶ አልልክም። እስክሪብቶ ያዢና ጻፊ" አልኳት። ቀስ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀኑን፣ ቤቱን፣ ነጩንና ቀዩን። ትንንሾቹ ፊደላት ላይ ስደርስ "ድገሚልኝ" አልኳት። "ሁለት ጆንያ አለ፤ አንዱ ይቆያል። ቀን ከተቀየረ አዲስ ቃል ይላክላት" አለች ምሕረት። ቃሌን ከአፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ከላይ ደግሞ ስሜን ጻፊው" አልኳት።

ሳቀች። "አንቺ ደግሞ! እስካሁን አልረሳሽውም? ማን ያየዋል?"

"ጻፊው፣ ምሕረት።"

የእስክሪብቶ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ባጃጅ አላሰማ አለኝ።

"ጽፌዋለሁ" አለች፤ ያኔ በአጥሩ ቀዳዳ እንዳለችው አድርጋ።