ዜሮ ማርሽ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነግሩን ባላምባራስ ደምሴ ነበሩ፤ በሸዋ ሮቢት የብርቱካን እርሻና የአንዲት አረንጓዴ ፊያት ጌታ። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ትንኝ ለማባረር ኩበት ይጨሳል፣ በረንዳው ላይ ፋኖስ ይሰቀላል፣ የሰፈሩ ልጆችና የእርሻው ሠራተኞች ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። የጅብና የአህያ ተረት እንደሳቸው የሚያወራ አልነበረም። ይህን አልክድም።

መኪናዋን የሚነዳት አባቴ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለች ፊያት ለሠርግ ብቅ ስትል ወጣቶች ከበው ፎቶ ይነሱባታል፤ ያኔ ግን ከደብረ ሲና እስከ ጀውሃ ሕፃን ሽማግሌው በክላክሷ ድምፅ ይለያት፣ አባቴንም «ሾፌር ሙላቱ» እያለ ቆሞ ያሳልፈው ነበር። አባቴ ርስት አልነበረውም። ያለው ይህ ስም ነበር።

አንድ ቀን ከደብረ ሲና ስንወርድ እኔ ከኋላ፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ባላምባራስ ለቤንዚን ይሳሱ ነበርና «ዜሮ አድርጋት፤ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስዳታል» አሉ።

«ጌታዬ፣ ቁልቁለት በማርሽ ነው። ሞተሩ ካልያዛት ፍሬኑ ይግላል።»

«መኪናዋ የማን ናት?»

አባቴ ማርሹን ዜሮ አደረገው። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተን፤ ፍሬኑን ደጋግሞ ቢረግጠው አልያዘም። ገደሉን ትቶ መሪውን በተራራው በኩል ወዳለው የድንጋይ ግንብ ጠመዘዘና ነፍሳችንን አተረፈ። የባላምባራስ ሁለት የፊት ጥርሶች ግን እዚያው ቀሩ።

በሳምንቱ ነገሩ ተረት ሆነ።

«አንድ ሾፌር ነበር» ብለው ጀመሩ ባላምባራስ፣ በጎደለው ጥርሳቸው እያፏጩ፤ «ማርሽ ቁጠር ቢሉት ከዜሮ የማያልፍ! ጌታው ‹ኧረ ማርሽ አስገባ› ብለው ቢለምኑት እምቢ ያለ።»

አባቴ ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ «ኧረ ጋሽ ሙላቱ እንዲህ አያደርግም» አለ።

ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸው ምስክር! በል ማሙሽ፣ አባትህ ማርሹን ምን አደረገው?»

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። እንዲያ ተደምጬ አላውቅም። አባቴ ማርሽ ሲያስገባ እንደሚያደርገው እጄን ወዝውዤ «ዜሮ!» አልኩ።

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። አባቴ «ደህና ያምሹ፣ ጌታዬ» ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ አገሩ ሁሉ ዜሮ ይለው ጀመር። ጀውሃ ሄዶ የጭነት መኪና ሥራ ሲጠይቅ «ቁልፍ ደብቁ፣ ዜሮ መጣ!» እያሉ ተሳለቁበት። መሪ የሚያስጨብጠው ጠፋ። በዚያው እርሻ ብርቱካን ሲሸከም አረጀ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ ባላምባራስ ሞተው ነበር። ለአባቴ «እውነቱን ጽፌ አወጣዋለሁ» አልኩት።

«እኔስ ዝም ያልኩት እንጀራዬ በእጃቸው ስለነበር ነው» አለኝ። «አንተን ማን ያዘህ?»

ሰውየውን ዕድሜዬን ሙሉ ጠልቻቸዋለሁ። መቃብራቸው ላይ ቆሜም ይቅር አላልኳቸውም። ያኔ ልጅ ነበርኩ እላለሁ፤ በጥያቄ አጠመዱኝ እላለሁ፤ የመለስኩት ቃል ራሱ ሐሰት አልነበረም እላለሁ። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ከዚያ ምሽት የአባቴ ፊት ትዝ አይለኝም፤ ሳቁን እየሰማሁ ስለነበር አላየሁትም። ሰው እንዲያ የሳቀልኝ፣ በዕድሜዬ፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው።