ታምሩ ያስተካከላት መስመር

ባለፈው እሁድ ኮዬ ፈጬ፣ ልጄ ሰናይት ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። በየደረጃው ቆም እያልኩ ስለምወጣ ሁልጊዜ «ወጡ ቀዘቀዘ» ብላ ትቆጣኛለች። ያን ቀን ግን ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራ ቁጣውንም ረስታዋለች።

«ምን ሆነሻል?»

«መሥሪያ ቤታችን የቢሮውን ፕሮግራም ቀየረ። አሁን ስሌቱን በአንድ ቁልፍ የሚሠራልኝ ማክሮ ፋይሉን አልጠራ አለኝ። ተወው አባዬ፣ አንተ አታውቀውም።»

ጎረስኩ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ይህን ነገር ያውቃል ብላ ከየት ታምጣው? እኔ ግን ይህን ነገር ከብዙ ዓመት በፊት አይቼው ነበር።

ጢሜ ገና ጥቁር ሳለ አቃቂ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ቀለም መዛኝ ነበርኩ። ያኔ ዛሬ ፎቅ የበቀለበት መሬት ሁሉ ማሳ ነው። ኮምፒውተር ክፍል የሚሠራው ታምሩ የልብ ጓደኛዬ ነበር። እሱ ኮሌጅ ገብቷል፣ እኔ አልገባሁም፤ ይህ በመሃላችን ገብቶ አያውቅም። የእሸት ወራት ሲሆን ከሥራ ስንወጣ ሽንብራ በእቅፍ ገዝተን፣ እየፈለፈልን፣ ሐዲዱን ይዘን ወደ ቤት እንሄዳለን። የመረሬው ጭቃ ጫማችን ላይ እየደረቀ፣ እሱ ያወራል፣ እኔ እስቃለሁ።

የቀለሙን ስሌት ኮምፒውተር ላይ ያስገባው እሱ ነው። ጨርቁ ስንት ኪሎ እንደሆነ ሰንጠረዡ ላይ ጽፈን አንዲት ቁልፍ ስንጫን ቢጫው ይህን ያህል፣ ቀዩ ይህን ያህል፣ ሰማያዊው ይህን ያህል ብሎ ያወጣል። ስሌቱ ግን ሰንጠረዡ ውስጥ አልነበረም፤ በሌላ ፋይል ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል። ቁልፏ ያንን ፋይል ጠርታ ቁጥር ትሰጠዋለች፣ መልሱን ትቀበለዋለች።

«ከፍተን ብናየውስ?» ብዬው ነበር አንዴ።

«የተፈጨ ሽሮ መልሰህ አተር ታደርጋለህ? እሱም እንደዚያው ነው። አንዴ ተፈጭቷል፤ መጠቀም ብቻ ነው» አለኝ።

ኋላ ታምሩ አለቆቹን አሳምኖ ፋብሪካው ሰንጠረዡ የሚሠራበትን የድሮውን የቢሮ ፕሮግራም ትቶ አዲስ አስገባ። የታሸገው ፋይል ያው የቀድሞው ነው። ፋይሉን የሚጠራው የትእዛዝ መስመር ግን ለአዲሱ ፕሮግራም እንደገና መጻፍ ነበረበት። እሱንም ታምሩ ጻፈው።

በማግስቱ ለተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሆን ቡናማ ጨርቅ ልንነክር ተዘጋጀን። ቁልፏን ተጫንኩ። የወጣው ቁጥር ሁሉ ሙሉ ሙሉ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው ከነጥብ በኋላ የሚመጣ ቁጥር የለውም። በቀለም ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይገጥምም። ሄጄ ጠራሁት።

«ታምሩ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም። በጣሳ ልሞክረው።»

የእኛ ክፍል ልማድ ነበር፤ ትልቁን በርሜል ከመንካታችን በፊት ቁራጭ ጨርቅ በጣሳ ቀቅለን መስኮት ላይ በብርሃን እናያለን።

«ውሃው ፈልቶ እየጠበቀህ ጣሳ ታንጠለጥላለህ? አዲሱ ፕሮግራም ራሱ አስተካክሎ ነው የሚያወጣው። እመነኝ» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

አመንኩት። ጨርቁ ሲወጣ ቀዩ አንሶት የበሰለ ጎመን መስሏል። በጨርቁ ላይ የተጎነበሰው ሁሉ ቀና ሲል እኔን አየ።

በማግስቱ የክፍሉ ኃላፊ ሁላችንንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰቡን። ታምሩ ያንኑ ኪሎ ጻፈና ቁልፏን ተጫነ። ቁጥሩ ከነነጥቡ፣ ልክ እንደ ድሮው ወጣ።

«ይኸው፤ ምንም አልሆነም» አለ።

አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። «ትናንት በየነ ጠርቶኝ ነበር፣ ልሞክረው ብሎኝ ነበር» ይላል ብዬ። ወደ እኔ አልዞረም።

«እንግዲህ ያጠፋው የመዘነው እጅ ነው» አሉ ኃላፊው። «በየነ፣ ከሰኞ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ጥቅል ትጭናለህ።»

እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። ቁጥሩን ያለ ነጥብ ያየሁት ዓይኔ ይሆን እንዴ አልኩ። በዚያው ሳምንት ካፌ ተቀምጬ ፓስታ በእንጀራ ስበላ፣ ከታምሩ ጋር አንድ ክፍል የምትሠራው ስንዱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«በየነ፣ ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። ታምሩ አዲሱን መስመር ሲጽፍ ቁጥሩ ከነነጥቡ ወደ ፋይሉ እንዲሄድ አላደረገውም ነበር። በስብሰባው ዕለት ጠዋት፣ እናንተ ሳትመጡ፣ እያየሁት መስመሩን አስተካከለው።»

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። እንግዲህ ምንም አልሆነም ያለው እውነቱን ነው፤ በዚያች ሰዓት ምንም አልነበረበትም። ስህተቱን አስቀድሞ ስለደመሰሰው፣ የሚታይ ጥፋተኛ ሆኜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማታ ሐዲዱ ላይ ጠበቅኩት። አልካደም።

«አዲሱን ፕሮግራም እናስገባ ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ ብል ያባርሩኝ ነበር። አንተን እኮ አላባረሩህም በየነ፤ ቦታ ነው የቀየሩህ» አለኝ።

የሚያጽናናኝ መስሎት ነበር የተናገረው።

ግቢ ውስጥ ጥቅል መጫኑን ለመድኩት፤ ወገብ ይለምዳል። ታምሩን ዛሬም ቃሊቲ ታክሲ ተራ አልፎ አልፎ አገኘዋለሁ። ሸብቷል። ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን። ክፉ ሰው ነው ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም አልልም።

የከበደኝ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት ሰው እመነኝ ሲለኝ ወዲያው አምን ነበር። እሁድ ከምሳ በኋላ ሰናይት ደረጃውን ይዛኝ ስትወርድ፣ «ለበዓሉ እኔው መጥቼ እወስድሃለሁ አባዬ፣ እመነኝ» አለችኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ቆም ብዬ ፊቷን አየሁት፤ የገዛ ልጄን።