ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ተሸናፊ ቡድን

ሲያትል ውስጥ ቤዝቦል የሚከታተል ሐበሻ ብርቅ ነው። ግማሹ ተጫዋች ቆሞ፣ ግማሹ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ የእኛን ሰው ትዕግሥት ያስጨርሳል። አባቴ ግን አገር ቤት ዕድሜውን የጨረሰው በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ስለነበር መጓተት አያስደንቀውም። የከተማችን ቡድን ሲሸነፍ "ቀጠሮ ተሰጠ" ብሎ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፤ በማግስቱ ይከፍተዋል።

መጥፎ ዕድሉ ሆኖ የመጣው በፈረንጆቹ 2001 ነው። በዚያ ዓመት ቡድኑ እንደ ጉድ ያሸንፍ ስለነበር ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ መሰለው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኦክቶበር ላይ ወደሚደረገው የዋንጫ ውድድር አንድም ጊዜ አላለፍንም። ኤፕሪል ላይ ተስፋ እናደርጋለን፤ ኦገስት ሲገባ ስለ አየሩ ማውራት እንጀምራለን።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ጓደኛ አገኘ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከጃክሰን መንገድ በአውቶቡስ ቼሪ መንገድ ላይ ወዳለው ቤታችን ይመጣሉ። አሥር ዓመት ሙሉ አንቱ እየተባባሉ ሲሰዳደቡ ሰማሁ። አባቴ፣ "እርስዎ ይህን ደጅ ከረገጡ ወዲህ አሸንፈን አናውቅም" ይላቸዋል። እሳቸውም፣ "ዱላውን የያዝኩት እኔ ነኝ እንዴ?" ይላሉ።

የተጣሉት ቡድኑ ብዙ ዓመት የወደድነውን ተጫዋች በውድድሩ መሀል ለሌላ ከተማ በሰጠበት በጋ ነው። ተጫዋቹ ራሱ መሄድ ፈልጎ ነበር ተባለ። አባቴ ከሃዲ አለው። ጓደኛው ሳቁና፣ ሰውዬው የተሻለ ቦታ ቢሄድ ምን አጠፋ፣ እኛስ ለቀን የመጣን አይደለንም ወይ አሉ። አባቴ አገርዎን ከድተው መጡ እንዳሉት ቆጠረው። ከዚህ ቤት ይውጡልኝ አላለም፤ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ጨዋታው ገና አላለቀም ነበር። እሳቸውም ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ፤ ዳግመኛም አልመጡም።

ሴፕቴምበር ላይ አባቴ ታመመ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሽታን ከታማሚው የመደበቅ ልማዳችንን ለዓመታት ስቃወም ኖሬአለሁ። ትልቅን ሰው እንደ ሕፃን ማሞኘት ነው ብዬ ጽፌአለሁ፤ በማኅበር ስብሰባ ላይም ተናግሬ ሽማግሌዎች ተቆጥተውኛል። ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ትክክል ነኝ።

ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ ላቅርብ ስትል አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ አልኩ። ገናን ካለፈ ትልቅ ነገር ነው አለች። ንግግሯ ለእኔ ቢሆንም ዓይኗ እሱ ላይ ነበር።

"ምን አለች?" አለኝ።

"መድኃኒቱ ጊዜ ይፈልጋል አለች።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ኤፕሪል።"

ኤፕሪል ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ፊቱ ፈታ አለ፤ ጨዋታው ሲጀመር ማለት ነዋ፣ አለ። ሐኪሟ ደስ ማለቱን አይታ እኔን አየችኝ። ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ለጓደኛው እንዲደውል ወተወትኩት። አሁን ብደውል ሲታመም ፈራ ይሉኛል፣ አለ። "ጨዋታው ሲጀመር እደውልላቸዋለሁ። ያን ጊዜ የሚወራ ነገር ይኖራል።" ስልኩን የምታስነሣው አንድ ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ነበረች። ዓረፍተ ነገር በመጻፍ የምኖር ሰው ነኝ፤ ይቺን ግን አልተነፈስኳትም።

ኖቬምበር ላይ ሽማግሌው ራሳቸው ደወሉልኝ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ከታየ ቆየ የሚል ወሬ ሰምተዋል።

ብርድ መትቶት ነው አልኳቸው። ልምጣ ወይ ሲሉኝ፣ በርታ እስኪል ይቆዩ አልኩ። እውነቱን ብነግራቸው እንደሚያለቅሱ፣ አባቴም ሠላሳ ዓመት የባለጉዳይ ፊት ሲያይ የኖረ ስለሆነ ገና ከበሩ ሲገቡ ሁሉን እንደሚያውቅ ፈራሁ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለእሱ ብዬ ነበር። አድርገው ያዩ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚሉት።

ገናን አለፈ። ጃንዋሪ ሳያልቅ አረፈ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ወደ ልቅሶው መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ። በኋላ፣ የሚሰማን ሰው እንዳይኖር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አባትህ እንዲህ ታመዋል ብትለኝ በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር" አሉ።

ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ለራሴም ቀለለብኝ።

"ስለ እኔ ያሉት ነገር ነበር?"

ይቅር ብሎዎት ነው የሞተው ማለት ይቻል ነበር። ከለቀስተኞቹ መካከል ለሽማግሌ እንዲህ ብሎ የማያጽናና ማን ነበር? እኔ ግን መዋሸት የበቃኝ መስሎኝ እውነቱን ነገርኳቸው።

"ጨዋታው ሲጀመር እደውልላቸዋለሁ ብሎ ነበር።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉና ነገሩን ለራሳቸው እንደሚያስረዱ ሁሉ ቀስ ብለው፣

"ጊዜ ያላቸው መስሏቸው ነበር ማለት ነው" አሉ።